አዘዞ ቁጭ ብሎ ወባ እንዴት ያገረሽበታል?

የአዘዞው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጤና ነገር የምታውቁ እስኪ አስረዱኝ፣ እኔ ባዮሎጂን 10ኛ ክፍል ላይ ነው የተሰናበትኩት። ታላቅ ወንድሜ መስከረም ላይ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ነበር። እዚያ ወባ ያዘው፣ የ3 ቀን ኪኒን ወስዶ ዳነ፣ ህዳር መጨረሻ ላይ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ ከጎንደር አዘዞ ንቅንቅ አላለም። አሁን መጋቢት ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ከሰዓት በኋላ ጥርሱ እስኪንገጫገጭ ይንቀጠቀጣል፣ ሁለት ብርድ ልብስና ጋቢ ደርበንበት እንኳ "በረደኝ" ይላል፣ ግንባሩን ስነካው ግን የጋለ ምጣድ ነው። ከዚያ ላብ በላብ ይሆንና ይተኛል። በማግስቱ ተነስቶ ቁርሱን ይበላል፣ ይቀልዳል፣ ሰውዬው አስመስሎብን ነው እንዴ እስክንል ድረስ። በ3ኛው ቀን ያው ነገር ይደገማል።

አያቴ "ምች ነው" ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችው። ጎረቤታችን ደግሞ መተማ የበላው የበቆሎ እሸት ነው ትላለች። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ሰውነቱ እየነደደ እንዴት ይበርደዋል? ወባ ከሆነስ ይሄን ሁሉ ወር የት ተደብቆ ቆየ?

ማይክሮስኮፕ፦
መጀመሪያ ወንድምህን ወስደህ ደሙን አስመርምር፣ ከዚያ ተመልሰህ አንብብ። የምሬን ነው። ላብራቶሪ ነው የምሠራው፣ "ነገ ይሻለዋል" ተብለው ቆይተው አይናቸው ቢጫ ሆኖ የሚመጡ አያለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ትንኟ ስትነክስ ተውሳኩን ከምራቋ ጋር ታስገባለች (የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ናት፣ ለእንቁላሏ ደም ስለምትፈልግ)። ተውሳኩ ቀጥታ ደም ላይ አይሠራም። ቶሎ ብሎ ጉበት ውስጥ ይገባል፣ እዚያ አንድ ሁለት ሳምንት ድምፁን አጥፍቶ ይራባል፣ ሰውየው ምንም አይሰማውም። ከዚያ በሺዎች ሆኖ ወጥቶ ቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ይገባል። ቀይ ሴል ኦክስጅን ተሸካሚ ነው፣ ጤነኛ ከሆነ 120 ቀን ያህል ይኖራል። ተውሳኩ የገባበት ግን በ48 ሰዓት ውስጥ ይፈነዳል፣ አንዱ ከ12 እስከ 24 ሆኖ ይወጣና እያንዳንዱ ሌላ ሴል ፍለጋ ይሄዳል። ሴሎቹ ተቀጣጥረው እንደሚፈነዱ አስብ። የፈነዱ ዕለት ወንድምህ ይንቀጠቀጣል፣ በማግስቱ ውስጥ ለውስጥ እየበሉት እሱ ቁርስ ይበላል። አላስመሰለባችሁም።

እኛ አገር በብዛት የሚታዩት ሁለት አይነት ናቸው፣ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ፒኤፍ እና ፒቪ እንላቸዋለን። ፒኤፍ ቶሎ የሚገድለው ነው፣ ግን ጉበት ውስጥ አይተኛም። ፒቪ ግን ከፊሉን ልጆቹን ጉበት ውስጥ አስተኝቶ ይወጣል። የ3 ቀኑ ኪኒን ደም ውስጥ ያለውን ይገድላል፣ የተኛውን አይነካም። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሲነቃ አዲስ ትንኝ ሳይነክስህ ትታመማለህ። ግርሻ የሚባለው እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቆላ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ የነበረ ሰው ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ከከሳና በግራ ጎኑ ጣፊያው ካበጠ፣ ወባ ብቻ ብላችሁ አትቀመጡ። ካላዛር የሚባል ሌላ በሽታም አለ፣ እሱን የምታስተላልፈው ሌላ ትንሽዬ ዝንብ ናት። መተማ እንደነበር ለሐኪሙ ንገሩት፣ ሳይጠየቅ የማይናገር ሰው ብዙ ነው።

ሲስተር ነኝ፦
የብርዱን እኔ ልመልስ። አንጎላችን ውስጥ ሙቀት የሚቆጣጠር ትንሽ ቦታ አለ፣ ሃይፖታላመስ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ 37 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚይዘን። ሴሎቹ ሲፈነዱ ደም ውስጥ የሚለቀቀው ቆሻሻ የሰውነታችንን በሽታ መከላከያ ይቀሰቅሰዋል፣ እሱ ደግሞ አንጎልን "ልኩን ከፍ አድርገው" ይለዋል። ልኩ 40 ላይ ወጣ እንበል። ሰውነቱ ገና 37 ነው። ከመተማ ሙቀት መኪና ተሳፍሮ ብርዳሟ ደባርቅ ላይ በቲሸርት እንደወረደ ሰው ቁጠረው። ስለዚህ ቆዳው ላይ ያሉት የደም ስሮች ይጠባሉ፣ እጅ እግሩ ይቀዘቅዛል፣ ጡንቻዎቹ ሙቀት ለማምጣት ይርገፈገፋሉ። መንቀጥቀጥ ማለት ጡንቻ እሳት እያነደደ ነው ማለት ነው። 40 ሲደርስ ብርዱ ይቆማል። ኋላ ልኩ ሲወርድ ያን ሁሉ ሙቀት ማስወጣት አለበት፣ ላቡ ከዚያ ነው የሚመጣው።

በብርዱ ሰዓት አንድ ብርድ ልብስ ይበቃል። መጋል ሲጀምር ግን ጋቢውን አንሱለት፣ ውሃ በደንብ ይጠጣ። ከዘባረቀ፣ ያጠጣችሁትን ሁሉ ካስመለሰ ወይም ራሱን ስቶ ከተንዘፈዘፈ ማታም ቢሆን ሆስፒታል ነው።

ፒያሳ፦
ጎንደር ደጋ ነው፣ ወባ የለም ሲባል ነው ያደግነው። በእሸቱ ነገር ደግሞ እናቴም ታምናለች፣ አትሳቁባት።

ማይክሮስኮፕ፦
@ፒያሳ ማንም አልሳቀም። እሸት የሚደርሰው ክረምቱ ሲወጣ ነው፣ ትንኝ የሚበዛውም ያኔ ነው፣ ሁለቱን አንድ ላይ ያየ ሰው ቢያገናኛቸው አይፈረድበትም። እንዲያውም እዚሁ አገራችን የተደረገ ጥናት እንዳሳየው የበቆሎ አበባ ብናኝ ውሃ ላይ ሲረግፍ የትንኟ እጭ ይመገበዋል፣ ይወፍርበታል። ስለዚህ በቆሎው ነገሩ ውስጥ አለበት፣ በሆድ በኩል አይደለም እንጂ።

ጎንደር ወባ የለም የሚለውን ግን ደምቢያ ሄደህ አትናገር። ተውሳኩ ትንኟ ሆድ ውስጥ ለመብሰል ሙቀት ይፈልጋል፣ ለዚህ ነው ከፍታው ላይ የሚቀንሰው። ሞቅ ያለና ዝናብ የበዛበት ዓመት ሲመጣ ግን ሽቅብ ይወጣል። በ1950 እና 51 ዓ.ም. በአገራችን የተነሳው ወረርሽኝ እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያሉ ቦታዎችን አዳርሶ ወደ 150,000 ሰው እንደገደለ ይገመታል፣ ደጋው ሰው ለምዶት ስለማያውቅ መከላከያ አልነበረውም። ከዚያም በፊት እዚያው ደምቢያ፣ ቆላ ድባ ላይ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ነው የጎንደር ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. እንዲከፈት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ። ይሄን የከተማችን ልጅ አለማወቁ ያናድደኛል።

የአዘዞው ልጅ፦
ተመለስኩ። ዛሬ ጠዋት ወሰድኩት፣ ጣቱን ወግተው ደም አዩ፣ ፒቪ ነው። የ3 ቀን ክሎሮኪንና የ14 ቀን ፕሪማኩዊን ሰጡት። መተማ በታመመ ጊዜ የ14 ቀን የሚባል ነገር ተሰጥቶት ነበር ወይ ብዬ ብጠይቀው አንገቱን አከከ። ተሰጥቶታል! 4 ቀን ውጦ፣ ሲሻለው ቀሪውን አብሮት ለሚያጭድ ጓደኛው ሰጠው። አሁንም "ካልታመምኩ ለምን እውጣለሁ" ማለት ጀምሯል።

ሲስተር ነኝ፦
የደከምነው ለዚህ ነው! ፕሪማኩዊኑ እኮ ለተኛው ነው፣ የተኛው ደግሞ አያሳምመውም። ስለዚህ "ተሻለኝ" ብሎ ነገር አይሠራም፣ 14ቱንም ቀን ይዋጥ፣ ምግብ ከበላ በኋላ ይሁን አለበለዚያ ሆዱን ያመዋል። ለሰው መስጠት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። ነፍሰ ጡር አትወስደውም። ቀይ ሴላቸው ውስጥ አንድ ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሰዎችም አሉ፣ እነሱ ሲወስዱት ሴሎቹ ይረግፋሉ። ሽንቱ እንደ ኮካ ከጠቆረ ወዲያው አቁሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይመለስ።

የአዘዞው ልጅ፦
እሺ ሲስተር። ኪኒኑን አያቴ ተረክባለች፣ ከመሶቡ ጎን ታስቀምጠውና ከምሳ በኋላ አፉን አስከፍታ ታያለች። ጉበት ውስጥ የሚተኛ ነገር መኖሩን ስነግራት ሰላቢ ነው አለች። ዳማከሴውን ግን አልተወችም።