የዓለም ታሪክ ኮርስ በ1200 ይጀመር ወይስ ከዚያ በፊት?

ጠመኔ፦
በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ የሚሰጠው ኤፒ (የኮሌጅ ደረጃ ያለው፣ በአንድ ወጥ ፈተና የሚያበቃ ኮርስ) የዓለም ታሪክ ድሮ ከ10,000 ዓመት በላይ ይሸፍን ነበር። በ2018 (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኮርሱንና ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ መነሻውን 1450 ሊያደርገው ሲል መምህራንና ተማሪዎች ተቃወሙ፤ 1200 ላይ ቆመ። ከ2019 መጸው ጀምሮ የሚሠራው ይኸው ነው። እኔ 1200ም ዘገየ ባይ ነኝ። ተማሪው ክርስትናን፣ እስልምናንና ቡድሂዝምን የሚያገኛቸው በሰፊው ከተስፋፉ በኋላ ነው። ኢትዮጵያም በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ በአፍሪካ መንግሥታት ሥር፣ በምሳሌነት ተጠቅሳለች። የላሊበላን ፎቶ አይቶ «ክርስትና እዚያ እንዴት ደረሰ?» ለሚል ልጅ ግን መልሱ በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከኮርሱ ውጭ ቀርቷል።

ሰሌዳ፦
መምህር፣ ቀኑን ይቁጠሩልኝ። ዓመቱ 180 የትምህርት ቀን ያህል ነው። ፈተናው ሜይ መጀመሪያ ላይ ስለሆነ፣ በሴፕቴምበር ለሚከፈት ትምህርት ቤት 30 ያህሉ ከፈተናው በኋላ ይውላል። የክለሳ ሁለት ሳምንት ሲነሳ 140 ይቀራል፤ ለ9 ምዕራፍ ሲካፈል 16 ቀን አይሞላም። ከ1450 እስከ 1900 ያሉት አራት ምዕራፎች እያንዳንዳቸው ከፈተናው 12–15 በመቶ ይይዛሉ። ሜሶፖታሚያ ላይ ሦስት ሳምንት የቆየ ክፍል የሚከፍለው ከመጨረሻው ነው፤ የአፍሪካና የእስያ ከቅኝ ግዛት ነጻ መውጣት በሁለት ቀን ይታለፋል። ይህ ለእኔ ከአክሱም መቅረት የባሰ ጉዳት ነው።

አዱሊስ፦
ከ1200 በፊት ላለው አምስት ክፍለ ጊዜ በመግቢያነት ይበቃል፤ ግን ትረካ ከሆነ ባከነ። የአክሱሙን እንዲህ አድርጉት። የንጉሥ ኢዛናን ሁለት ሳንቲሞች ፎቶ ያለ ማብራሪያ ለጥንድ ጥንድ ስጡ፤ አንዱ ጨረቃና ክብ፣ ሌላው መስቀል ያለበት። 10 ደቂቃ ያዩትን ብቻ ይጻፉ። ቀጥሎ «ወርቁ ላይ ለምን በግሪክኛ ተጻፈ?» ብላችሁ ጠይቁ። የቀይ ባሕር ንግድ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የፍሬምናጦስን ታሪክ አስቀድሞ የተናገረ መምህር ይህን ያጣል፤ ልጆቹ መስቀሉን ያያሉ፣ ነጋዴውን አያዩም።

ልምምዱ ለዲቢኪውም (በሰነዶች ላይ ተመሥርቶ ለሚጻፈው የፈተና ድርሰት) ይሆናል። ያ ድርሰት 7 ሰነድ፣ 60 ደቂቃ (15ቱ ለንባብ)፣ ከፈተናው 25 በመቶ ነው። ከ7ቱ ነጥብ አንዱ የሚገኘው ሰፊውን ታሪካዊ ዐውድ በማሳየት ነው። የዲቢኪው ርዕስ ከ1450 ወዲህ ቢሆንም፣ ያለ ሰነድ በሚጻፈው ሌላው ድርሰትም ዐውድ ነጥብ ስላለው፣ ከ1200 በፊት ያለውን የማያውቅ ተማሪ የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ የሚጽፈው ያጥረዋል።

ሰሌዳ፦
አምስቱን እቀበላለሁ፤ ፈተናና የቤት ሥራ ሳይታከልበት። በስድስተኛው ቀን የቻይናው ሶንግ ሥርወ መንግሥት መጀመር አለበት።

ቀመር፦
አንድ የተረሳ ነገር አለ፤ ከኢትዮጵያ በቅርቡ የመጡ ልጆች። አድዋን በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1888 ብለው ይጽፋሉ፤ መጽሐፉ 1896 ይላል። ታሪኩን እያወቁ ቅደም ተከተሉ ይፋለስባቸዋል፤ የ1884–85ቱ የበርሊን ጉባኤ ከአድዋ 11 ዓመት መቅደሙ ቀርቶ ሦስት ዓመት ብቻ የቀደመ ይመስላቸዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ይህን አስይዟቸው፦ በኢትዮጵያው ዓመት ላይ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደመራል። «1200ዎቹ» ማለት 13ኛው ክፍለ ዘመን መሆኑንም ደጋግሙላቸው፤ እዚህ ተወልደው ያደጉትም ይስቱታል።

ጠመኔ፦
አምስት ቀን ካላችሁ ክፍፍሉን አሁን እንጨርስ። አንዱ ለሮምና ለሃን ቻይና፣ አንዱ ቡድሂዝም ከሕንድ ወደ ቻይና ለሄደበት መንገድ፣ አንዱ ለባንቱ ፍልሰት፣ አንዱ ለሳንቲሞቹ። አምስተኛው እስልምና፤ እሱንም በ615 ገደማ የነቢዩ ተከታዮች ወደ ሐበሻ ከተሰደዱበት ጀምሩት። በዋዜማው አክሱምን ስለተማሩ አገሩ የት እንደሆነ ለማስረዳት ደቂቃ አይባክንም።