የ1949ኙ «ዘ ሰርድ ማን»፦ ፋይሉ ነው የተበላሸው ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ?

ሻይ_በቅመም፦ እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቼ ጋር እቤት ፊልም እናያለን፤ በየተራ ነው የምንመርጠው፣ ተራው ደርሶኛል። የድሮ የእንግሊዝ ፊልም ኖዋር (ጥላ የበዛበት፣ ድባቡ የጨለመ የወንጀል ፊልም) ላሳያቸው ብዬ የካሮል ሪድን «ዘ ሰርድ ማን» ያዝኩ። ቀድሜ ልየው ብዬ 40 ደቂቃ ላይ ተውኩት። ምስሉ በየቦታው ወደ ጎን ያዘነብላል፣ ጀርመንኛ ሲያወሩ የግርጌ ጽሑፍ የለም፣ ሰው እየተቀበረ ሙዚቃው የሰርግ ይመስላል። ፋይሉን ልቀይር ወይስ ፊልሙን? መጨረሻውን ብቻ እንዳትነግሩኝ፣ አደራ።

የፒያሳ_ልጅ፦ እህቴ፣ ፋይልሽ ጤነኛ ነው። ካሜራው ሆን ተብሎ ነው የተጣመመው። ቪየና ያኔ ለአሜሪካ፣ ለእንግሊዝ፣ ለፈረንሳይና ለሶቪየት ተከፋፍላለች፤ መሀሏን አራቱም በጋራ ይጠብቋታል። በአንድ ጂፕ የአራት አገር ወታደር ተጭኖ ሲዞር አላየሽም? ሆሊ ማርቲንስ ደግሞ ርካሽ የካውቦይ ልብ ወለድ የሚጽፍ አሜሪካዊ ነው። ጓደኛው ሃሪ ላይም ሥራ አለልህ ብሎት ቢመጣ የደረሰው ለቀብሩ ነው። ጀርመንኛ አይችልም። ጽሑፍ የነፈጉሽ እሱ ግራ ሲገባው አብሮ ግራ እንዲገባሽ ነው።

የሃሪን ሕንፃ ዘበኛ ግን ተመልሰሽ እዪው። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሟቹ ወይ ሲኦል ነው ሲል ጣቱን ወደ ላይ፣ ወይ ገነት ሲል ወደ ታች ይቀስራል። እኔ የያዝኩት በሦስተኛው ነው።

አሮጌ_ቴፕ፦ ስለ ሙዚቃው ልንገርሽ፣ ልጄ። አንቶን ካራስ የሚባል ሰው ቪየና የወይን ጠጅ ቤት ውስጥ ዚተር የሚባል ባለ ብዙ ክር መሣሪያ ይጫወት ነበር፤ ሪድ እዚያው አግኝቶ ወሰደው። ኦርኬስትራ የለም፣ ፊልሙን ሙሉ ያቺ አንዲት መሣሪያ ናት። መጀመሪያ ላይ ስሞች ሲወጡ ከኋላ የሚርገበገበው ክር የእሷ ነው። የሚያለቅስ ቫዮሊን ቢያስገቡበት ለሟቹ እዘኑ ብለው ማዘዛቸው ነበር። ለዚህ ሰው ማዘን እንዳለብሽ ገና አላወቅሽም።

መጋረጃ፦ ሁለት ነገር። ቴሌቪዥንሽ ደማቁ ቀለም ላይ ከሆነ ቀይሪው፤ ጥቁሩ ግራጫ ከሆነ የካሜራ ባለሙያው የሮበርት ክራስከር ጥላዎች በከንቱ ቀሩ፣ ኦስካር ያገኘው በእነሱ ነው። መንገዱም የሚያብረቀርቀው ውኃ እየረጩበት ነው። ሌላው፣ መግቢያውን የሚተርከው ማርቲንስን የሚጫወተው ጆሴፍ ኮተን ከሆነ የአሜሪካው አጭር ቅጂ ነው፣ 93 ደቂቃ። የእንግሊዙ 104 ነው፤ የሚተርከውም ሪድ ራሱ። እሱን ፈልጊ።

ጎረምሳው፦ ኦርሰን ዌልስ እኮ...

የፒያሳ_ልጅ፦ አንተ! አደራ ተብለሃል። እህቴ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አታጥፊው። ድመቷን ተከተያት፣ ሌላ አልልም።

ሻይ_በቅመም፦ ጨርሼ መጣሁ። (ያላያችሁ እዚህ ላይ ተመለሱ።) ድመቷ ጫማው ላይ ስትተኛ፣ ከላይ መስኮት ሲበራና ያ የሃሪ ላይም (የኦርሰን ዌልስ) ፈገግታ ሲወጣ ጮኼ እናቴን ቀሰቀስኳት። ከዚያ የሕፃናቱ ሆስፒታል። ሃሪ የሸጠውን በውኃ የቀጠነ ፔኒሲሊን የተወጉትን ልጆች አንዴም አያሳየንም፤ የማርቲንስን ፊት፣ ነርሷ የምትጥለውን አሻንጉሊት ድብ፣ በቃ። ዚተሩን ያኔ ጠላሁት፣ ደስ ብሎኝ። ግን የሃሪ ፍቅረኛ አና ለምንድን ነው መጨረሻ ላይ ማርቲንስን ዞር ብላ እንኳ የማታየው?

አሮጌ_ቴፕ፦ ደራሲው ግራሃም ግሪን አብረው እንዲሄዱ ነበር ያሰበው። ሪድ እምቢ አለ። በኋላ ግሪንም ሪድ ልክ እንደነበር አምኗል። እኔ እስካሁን ለማርቲንስ ነው የማዝነው፣ ባለቤቴ ለአና።

ሻይ_በቅመም፦ እኔ ከባለቤትዎ ጋር ነኝ፣ ጋሼ። ቅዳሜ ስልክ ሁሉ ሰሃን ላይ ይሰበሰባል፤ ቡናው አንድ ሰዓት ሳይሞላ አይቀርብም። ድመቷ ስትመጣ ማንም ስኒ ይዞ እንዳይገኝ።