«ነን ኦፍ ዘም»፦ «ኢዝ» ወይስ «አር»?

ጠያቂዋ፦ እስቲ ፍረዱኝ። የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ «ከተማሪዎቹ አንዳቸውም ዝግጁ አይደሉም» ለማለት «ነን ኦፍ ዘ ስቱደንትስ አር ሬዲ» ብዬ ጻፍኩ። ኤክስ ገባብኝ። መምህሩ «ነን ማለት አንድም ማለት ነው፤ ግሱ ነጠላ መሆን አለበት፤ ኢዝ ነው የሚባለው» አሉኝ። እኔ ግን «አር»ን ስንት ቦታ አንብቤዋለሁ። ተሳስቻለሁ?

አስተማሪው፦ መምህርሽ ያለ ምክንያት አልተናገሩም። ቃሉ የመጣው በጥንቱ እንግሊዝኛ «አንድም አይደለም» ከሚለው ነው። እኔም ሳስተምር «ከኦፍ በፊት ያለውን ቃል እዩ» እላለሁ። «ዋን ኦፍ ዘ ቡክስ ኢዝ» ስንል ባለቤቱ «ዋን» ነው፣ «ቡክስ» አይደለም። ተማሪ አንድ ሕግ ከያዘ አይደናገርም።

ተርጓሚዋ፦ መምህር፣ በአክብሮት አልስማማም። ይህ ሕግ እኔን ለዓመታት አሳስቶኛል። በእሱ ከሄድን «ኤ ሎት ኦፍ ፒፕል ኢዝ» ልንል ነው። «ሎት» ነጠላ ነዋ! ፊቱ ላይ «ኤ» ተቀምጧል። ግን ትክክሉ «አር» ነው። ውሃ ሲሆን ደግሞ «ኤ ሎት ኦፍ ወተር ኢዝ» ይሆናል። ክፍልፋይም እንደዚያው ነው። ከውሃው ሁለት ሦስተኛው ከሆነ «ኢዝ»፣ ከተማሪዎቹ ሁለት ሦስተኛው ከሆነ «አር»። እዚህ ግሱን የሚወስነው ከ«ኦፍ» በኋላ ያለው ስም ነው።

«ነምበር»ን ደግሞ ተመልከቱ። «ኤ ነምበር ኦፍ ስቱደንትስ አር» ሲባል «በርካታ ተማሪዎች» ማለት ነው። «ዘ ነምበር ኦፍ ስቱደንትስ ኢዝ» ሲባል የሚወራው ስለ ቁጥሩ ራሱ ነው። የተለወጠችው አንዲት «ኤ» ናት፣ «ዘ» ሆነች፤ ግሱ ግን አብሮ ተገለበጠ። ይህን «ከኦፍ በፊት እዩ» በሚል ሕግ ማን ያስረዳል?

ወደ «ነን» ስመለስ፣ የቃል አመጣጥ ሕግ አይሆንም። በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የሐዋርያት ሥራ 20፥24 ላይ «ነን ኦፍ ዚዝ ቲንግስ ሙቭ ሚ» ይላል። የብዙው «ሙቭ» ነው፣ የነጠላው «ሙቭስ» አይደለም። ከ400 ዓመት በላይ የቆየ አጻጻፍ እንዴት ስህተት ይባላል?

አስተማሪው፦ «ሎት» ላይ ረትተሽኛል። ግን ትርጉም ብቻ ከገዛ ይህን ፍቺልኝ። «ሞር ዛን ዋን ፐርሰን ኢዝ» ይባላል። ከአንድ በላይ ማለት ቢያንስ ሁለት ነው። ታዲያ «አር» ለምን አልሆነም?

ሦስተኛ ሰው፦ ጣልቃ ልግባ። እኛስ «ከአንድ በላይ ሰው መጣ» አይደል የምንለው? ግሱ ቁጥሩን ትቶ አጠገቡ ያለውን «ሰው» ተከተለ። «አንዳቸውም አልመጡም» ስንል ደግሞ አፋችን ላይ «አንድ» አለ፣ ግሱ ግን ብዙ ነው። የጠያቂዋ «ነን» ቁርጥ ይሄው ነው። «ቴን ማይልስ ኢዝ» ሲሉም አሥሩን ማይል አንድ በአንድ እየቆጠሩ አይደለም፤ እንደ አንድ ርቀት አይተውት ነው። ሰው የሚናገረው በዓይነ ልቦናው ያየውን ይመስለኛል።

ተርጓሚዋ፦ እውነት ነው፣ ትርጉም ብቻውን አይበቃም። ቅርበትም ግሱን ይስባል። የእንግሊዝ ሰዎች «ዘ ቲም አር» ሲሉ አሜሪካኖች «ኢዝ» ማለታቸውም አለ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሁለት ትክክል መልስ ያለውን ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ እንዳለው አድርጎ መፈተን በደል ነው። ልጅቷ ያነበበችውን ነው የጻፈችው። በማንበቧ መቀጣት የለባትም።

አስተማሪው፦ እዚህ ላይ አልከራከርሽም። ኤክሱን እኔም አላደርገውም ነበር። መደበኛ ጽሑፍ ላይ «ኢዝ»ን ነቀፌታ የሚያነሳበት ሰው የለም፣ ስለዚህ ለጀማሪ መጀመሪያ እሱን ማስተማሬን አልተውም። «አር» ብሎ የመጣውን ግን ነጥቡን እሰጠዋለሁ።

ጠያቂዋ፦ አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ነገ ጥቅሱን ይዤ መምህሬ ጋ እሄዳለሁ። ግን «ነን ኦፍ ዘ ወተር» ላይስ «አር» ይሆናል?

ተርጓሚዋ፦ አይሆንም። ውሃ አይቆጠርም። እዚያ «ኢዝ» ብቻ ነው።