ጌተርና ሴተር ሰለቸኝ፤ አኖቴሽን ስለጥፍ ደግሞ ሰርቨሩ ወደቀ

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም የድሬ ልጆች። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ላለ አንድ የባጃጅ መለዋወጫ አከፋፋይ የትዕዛዝ መቀበያ በስፕሪንግ ቡት (የጃቫ ፍሬምዎርክ) እየሠራሁ ነው። ሥራው አይከብድም፤ መከራው ጽሑፉ ነው። «ደንበኛ» የሚለው ክላስ ብቻ 9 ፊልድ (እንደ ስም፣ ስልክ ያለ መረጃ መያዣ) አለው። ለእያንዳንዱ ማንበቢያ (ጌተር) እና መቀየሪያ (ሴተር) ስጽፍ 18 ሜተድ ማለት ነው። ኮንስትራክተሩንና ቱስትሪንጉን (ይዘቱን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረውን) ሳልቆጥር። ከሰዓት በዚህ ሙቀት ቬንትሌተር ፊት ቁጭ ብዬ ይህን ስገለብጥ «አቦ፣ ለዚህ ነው የተማርኩት?» አልኩ።

ሎምቦክን (ይህን ኮድ በራሱ የሚሠራ ላይብረሪ) አስገባሁና ሁሉም ክላስ አናት ላይ @ዳታ የሚለውን አኖቴሽን ለጠፍኩ። ከ120 መስመር ወደ 25 ወረደ! ደስታዬ ግን አላደረም። ደንበኛው የትዕዛዞቹን ዝርዝር ይይዛል፣ ትዕዛዙም ደንበኛውን ይይዛል። አንድ ትዕዛዝ ሎግ ላይ ላወጣ ስል ስታክ ኦቨርፍሎው (ማለቂያ በሌለው ጥሪ የሚመጣ ኤረር)። በእጅ ወደመጻፍ ልመለስ?

ጀጎል፦
ኧረ አትመለስ! @ዳታ ጌተርና ሴተር ብቻ አይደለም የሚሠራልህ፤ ቱስትሪንግ፣ ኢኳልስና ሃሽኮድም (ማወዳደሪያዎቹን) ይጨምራል። ትዕዛዙ ራሱን ሲጽፍ ደንበኛውን ይጠራል፣ ደንበኛው መልሶ ትዕዛዞቹን ይጠራል፣ በዚያው ይዞራሉ። ዳታቤዝ የሚገቡት ክላሶች (ኢንቲቲዎቹ) ላይ @ጌተርና @ሴተር ብቻ አድርግ። ቱስትሪንግ የግድ ካልክ ዝርዝሩን በ@ቱስትሪንግ.ኤክስክሉድ አስወጣው። እኔም አንዴ በዚህ ሌሊቱን ሙሉ አድሬበታለሁ።

ባቡር ጣቢያ፦
ጀጎል ትክክል ነው፤ ግን ኢንቲቲውን እንዳለ ጄሰን (መረጃ የሚላክበት የጽሑፍ ቅርጽ) አድርገህ የምትልከው ከሆነ ያው መዞር ጃክሰን (ጄሰኑን የሚያዘጋጀው ላይብረሪ) ላይ ይጠብቅሃል። ሰርቨሩ ለሚልከው መልስ ለብቻው ሪከርድ (መረጃ ብቻ የሚይዝ አጭር ክላስ) ሥራ። ሪከርድ ከጃቫ 16 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ቋንቋው ውስጥ አለ፤ ሎምቦክም አይፈልግም። ኢንቲቲውን ግን ሪከርድ ማድረግ አይሆንም፣ ጄፒኤ (ክላሱን ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው) ባዶ ኮንስትራክተር ይፈልጋል።

ሌላው፣ አኖቴሽን ምልክት ነው፤ አንባቢ ከሌለው ዝም ብሎ ይቀመጣል። የሎምቦክን ኮዱ ሲኮምፓይል ኮምፓይለሩ ያያቸዋል። የስፕሪንግን ሰርቨሩ ሲነሳ ስፕሪንግ ራሱ ያነባቸዋል። የስልክ ቁጥሩ ፊልድ ላይ @ኖትብላንክ (ባዶ አይሁን) አድርገህ ኮንትሮለሩ (ትዕዛዙን የሚቀበለው ክላስ) ውስጥ ከ@ሪኩዌስትቦዲ ጎን @ቫሊድ ከረሳህ ማንም አይፈትሸውም። ኤረርም አይሰጥህም።

የሳቢያን ልጅ፦
አቦ ተባረኩ! @ዳታን ከኢንቲቲዎቹ አነሳሁ፣ መልሱንም ሪከርድ አደረግሁት፤ ሎጉም ጄሰኑም ሰላም ሆነ። @ቫሊድ ግን... ሄጄ ሳየው የለም። ከትናንት ወዲህ 4 ትዕዛዝ ያለ ስልክ ቁጥር ገብቷል። አከፋፋዩ ደውሎ ዕቃ ላስረክብ ሳይል ላስተካክለው።