ስለ መዳኔ እርግጠኛ መሆን የምችለው እንዴት ነው?

ጠያቂ፦ ወንድሞችና እኅቶች፣ አራት ኪሎ አካባቢ የምኖር ተማሪ ነኝ። ጌታን ከተቀበልሁ 3 ዓመት ቢሆነኝም፣ በወደቅሁ ቁጥር «ምናልባት ከመጀመሪያውም አልዳንሁ ይሆን?» የሚል ሥጋት እንቅልፍ ይነሳኛል። እርግጠኝነቴን በምን ላይ ልመሥርት?

መልስ 1፦ የተወደድህ ወንድሜ፣ ሐዋርያው ዮሐንስ የመጀመሪያ መልእክቱን የጻፈው፣ በምዕራፍ 5 ቁጥር 13 እንደሚገልጸው፣ በእግዚአብሔር ልጅ ስም የሚያምኑ ሰዎች የዘላለም ሕይወት እንዳላቸው እንዲያውቁ ነው፤ እንዲገምቱ አለማለቱን ልብ በል። እኔም እምነቴን በየማታው በስሜቴ እየመዘንሁ ለዓመታት ደክሜአለሁ፤ ያረፍሁት ዓይኔን ከራሴ አንሥቼ በመስቀል ላይ ወደ ተፈጸመው ሥራ በመለስሁ ጊዜ ነው።

መልስ 2፦ እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ። ቤተ ክርስቲያናችን መዳንን እስከ ፍጻሜ የሚዘልቅ ጉዞ አድርጋ ስለምታስተምር፣ በፊልጵስዩስ 2፥12 በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ መዳናችንን እንድንፈጽም የታዘዝነውን ቸል ማለት አይገባም እላለሁ። ሆኖም ንስሐ ገብቶ ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን የተቀበለ ሰው በተስፋ እንጂ በሽብር አይኖርም።

መልስ 3፦ ወንድሜ፣ የሞተ ሰው ቁስሉ አያመውም። መውደቅህ ማስጨነቁ ራሱ ሕይወት እንዳለህ ያሳያልና፣ ኃጢአትህን ሳትደብቅ ተናዘዝ፤ 1ኛ ዮሐንስ 1፥9 ይቅርታውን የሚያያይዘው ከእግዚአብሔር ታማኝነት ጋር ነው።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልእክቱን ዛሬ ማታ ከመጀመሪያው ጀምሬ አነባለሁ።