ስታቲስቲክስ ልሙላ ወይስ ዕዳውን ልሽሽ? ፔዳ የተማራችሁ ምከሩኝ

የሽምብጧ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አንደኛ ዓመት ጨርሻለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ዲፓርትመንት እንሞላለን። ውጤቴ ለሕክምና አይደርስም፤ ለስታቲስቲክስ ግን ይበቃል። ሒሳብ ደግሞ ነፍሴ ነው።

የጨነቀኝ ኮስት ሼሪንጉ ነው፤ ተመርቀን ከደመወዛችን የምንከፍለው የወጪ መጋራት ዕዳ። የተማሪ ምግብ በጀት በቀን ከ22 ብር ወደ 100 ብር ካደገ ወዲህ ሳሰላው፣ በአሥር ወር ምግብ ብቻ 30 ሺህ ብር ይሆናል። በአራት ዓመት 120 ሺህ ማለት ነው። መኝታውና የትምህርቱ 15 በመቶ ገና አልተደመረም። እናቴ ዓሣ ቸርቻሪ ናት፤ ቁጥሩን ስነግራት ዝም አለች።

ወንድሜ ባጃጅ ይነዳል። «አራት ዓመት ተምረሽ ዕዳ ይዘሽ ቤት ከምትቀመጪ፣ ማታ ማታ የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ ተማሪ። እኔ ተበድሬ እከፍላለሁ» ይለኛል። የባጃጁን ዕዳ ራሱ ገና አልጨረሰም። እባካችሁ፣ በስታቲስቲክስ ሠርቶ የከፈለ ሰው ካለ እውነቱን ይንገረኝ።

የ2010 ተመራቂ

እህቴ፣ እኔ ከዚያው ከፔዳ በስታቲስቲክስ ወጥቻለሁ። በእኛ ጊዜ ሦስት ዓመት ነበር፤ ዕዳዬም 18 ሺህ ብር ገደማ ብቻ። ስለዚህ «እኔም ከፍያለሁ፣ ቀላል ነው» ብልሽ ልክ አይሆንም። ያንቺ ከበድ ይላል።

ግን በደንብ እናስላው። ወጪ መጋራት ከወር ገቢሽ ቢያንስ 10 በመቶ ነው፣ ቢበዛ በ15 ዓመት ያልቃል። 10 ሺህ ብር ደመወዝ አገኘሽ እንበል። ከሐምሌ 2017 ወዲህ ባለው ተመን ግብሩ 1,650 ብር ነው። ጡረታ 7 በመቶ፣ 700። ወጪ መጋራት 1,000። እጅሽ ላይ 6,650 ይቀራል። ባሕር ዳር ላይ ቤት ተከራይቶ በዚህ መኖር ጠበብ ይላል፣ አልዋሽሽም። 120 ሺሁም በወር 1,000 ሲከፈል አሥር ዓመት ይፈጃል፤ ደመወዝሽ ሲያድግ ደግሞ ያጥራል።

አሁን የወንድምሽን ብድር አስቢው። የወጪ መጋራቱ ዕዳ ደመወዝሽን ጠብቆ ነው የሚመጣው። የወንድምሽ ግን ሥራ አገኘሽ አላገኘሽ፣ ባጃጁ ቆመ አልቆመ፣ ወሩ ሲደርስ ይጠየቃል። ሁለቱን እኩል አትይያቸው።

የጎዳኝን ደግሞ ልንገርሽ። ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊ ዲግሪ ይዤ ወጣሁ፤ ኦርጅናሉ ዕዳው እስኪያልቅ ግቢ ቀረ። ቋሚ ሥራ ሳላገኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ቆየሁ። በዚያ መሀል መረጃ እየሰበሰብኩ በአበል ኖርኩ። አንዴ ደቅ ደሴት ተላክን። ጣና እየተናጠ ታብሌቱን በፌስታል ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ይዤ ነበር የተሻገርኩት። እዚያ አንዲት እናት «ቤት ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል?» ብላቸው «ሰባት» አሉኝ። ቆጠርን፣ አምስት ናቸው። ሁለቱ ልጆች ለቆሎ ትምህርት ከወጡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። «ልጆቼ አይደሉም እንዴ?» አሉኝ። ክፍል ውስጥ «የቤተሰብ አባል» ለሚለው የተማርነው ፍቺ እዚያ ቀን ነው የገባኝ። ያን የሚረዳ ባለሙያ ነው ዛሬም የሚፈለገው።

አሁን በክትትልና ግምገማ ክፍል እሠራለሁ። የሥራ በሩን የከፈተልኝ ዲግሪው ብቻ አልነበረም። ሁለተኛ ዓመት ላይ ስታታ፣ ከዚያ አር የሚባሉትን የዳታ መተንተኛ ሶፍትዌሮች ለመድኩ፤ የማስተርስ ተማሪዎችን ዳታ እየተነተንኩ ቀለቤን ቻልኩ። ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን ሶፍትዌር ከፍቶ ቁልፍ መጫን ብቻ ይዘሽ ብትወጪ ግን የወንድምሽ ፍራቻ እውነት ይሆናል። ከልቤ ነው የምልሽ፣ ሦስተኛ ዓመትን አትጠብቂ።

የፔዳ ጎረቤት

ልጄ፣ አንድ ነገር አልፋችኋል። ቤትሽ ሽምብጥ አይደል? የወጪ መጋራት ፎርሙ ላይ ምግብና መኝታ ለየብቻ የሚመረጥበት ቦታ አለ። ከቤተሰብሽ ጋር እየኖርሽ ሁለቱንም ካልወሰድሽ፣ የምትፈርሚው ለትምህርቱ ድርሻ ነው። ሳታነቢ አትፈርሚ። የኔ ልጅ ሳያነብ ፈርሞ ያልበላውን ምግብ ዕዳ ተሸክሟል። ዘንድሮ ምን እንደፈረምሽም ሄደሽ አረጋግጪ።

የሽምብጧ ልጅ

እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፎርሙን አንደኛ ዓመት ስገባ ሁላችንም ተሰልፈን፣ አንዳችን የሌላችንን እያየን ነው የሞላነው። ምግብም መኝታም ላይ ምልክት አድርጌያለሁ።

የ2010 ተመራቂው፣ ያንተን ስሌት ማታ ለወንድሜ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የግብሯ 1,650 ላይ ስደርስ «ይህን ሁሉ?» አለ። የደቅ እናት ጋ ስደርስ ግን እናቴ ዓሣውን እየገፈፈች «እውነታቸውን ነው» አለች። የኛም አባት ሱዳን ከሄደ ዓመታት አልፈውታል፤ እሷ ግን ሁልጊዜ አራት ነን ነው የምትለው።

ከቤት እየተመላለስኩ እማራለሁ አልኳቸው። የምሳዬን እናቴ ትቋጥርልኛለች። ወንድሜ ትንሽ አሰበና «ጠዋት የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ አንቺ ነሽ» አለኝ። ሰኞ ሬጅስትራር ሄጄ ፎርሙን አስተካክላለሁ፤ ስታቲስቲክስን አንደኛ ምርጫ እሞላለሁ። አር ከየት ልጀምር?