አለቃ ሆንኩ፤ ግን የሰው ድምፅ ተውሼ ነው

ጥያቄ (አዲሷ ኃላፊ፣ አዲስ አበባ)

ሰላም እህት ወንድሞች። አንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ከሦስት ወር በፊት የኦፐሬሽን ኃላፊ ተደረግኩ። ከሥሬ 11 ሰው አለ። ከእኔ በፊት የነበረው አለቃ ይጮህ ነበር፤ ሰውም ይፈራው ነበር። "ኮስተር ካላልሽ ይንቁሻል" ያላለኝ የለም። እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ዝግ ብዬ ነው የምናገረው።

ባለፈው ሳምንት ማታ ሒሳብ ስንዘጋ ከአንዷ ካሸር 2 ሺህ ብር ጎደለ። ሰው ሁሉ እየሰማ ጮህኩባት። ልጅቷ ምንም አልመለሰችም። ብሩን እንደገና ስትቆጥር እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ከአፌ የወጣው የእሱ ድምፅ ነበር።

ሌላም አለ። ከሥሬ ካሉት አንዱ ሥራ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው፣ በአንቱታ። ሪፖርት ሲያዘገዩብኝ ምን ልበላቸው? አንዷ ሠራተኛዬ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። ለክትትል ስትወጣ "ለሴት አዳላች" የሚል ጉርምርምታ እሰማለሁ። እናንተ እንዴት ተወጣችሁት?

መልስ (የሁለት ልጆች እናት፣ ሐዋሳ)

አይዞሽ እህቴ። እኔ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የመስመር ኃላፊ ነኝ። እኔም መጀመሪያ ላይ እንደ ወንዶቹ ልሁን ብዬ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጮሄያለሁ። ያተረፍኩት ነገር ቢኖር፣ ልጆቹ ስህተት ሲሠሩ እየደበቁ መሄዳቸው ነው። የተበላሸው ልብስ የሚገኘው መጨረሻ ላይ፣ ሊታሸግ ሲል ነበር። መጮህ ትቼ ጠዋት ጠዋት በየማሽኑ እየዞርኩ "ትናንት ምን አስቸገረሽ?" ማለት ስጀምር ራሳቸው ይነግሩኝ ጀመር።

ባንክ ውስጥ ደግሞ ጉድለት የሚደብቅ ካሸር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። ልጅቷን ለብቻዋ ጠርተሽ ይቅርታ ጠይቂያት።

መልስ (የሰው ኃይል ባለሙያ)

ስለ ነፍሰ ጡሯ ልመልስ። ይሄ የአንቺ ደግነት አይደለም፤ ሕግ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከእርግዝናዋ ጋር ለተያያዘ ምርመራ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አላት። አሠሪው ከጠየቀ የሐኪም ማስረጃ ታመጣለች። ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት፣ ይሄም ከነደመወዙ ነው። ነፍሰ ጡርን ትርፍ ሰዓት ማሠራትም ክልክል ነው። ስለዚህ "ፈቀድኩላት" አትበዪ። "መብቷ ነው፤ እሷ የማትኖርበትን ሰዓት እንዲህ ሸፍነነዋል" በያቸው። የተራ ሰሌዳው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ለወንዱም ልጁ ሲታመምበት በተመሳሳይ መንገድ ስታስተናግጂው ጉርምርምታው ይበርዳል።

ሌላው፣ ሥልጣንሽን በጽሑፍ ያዢ። እስከ ስንት ብር ድረስ ትፈርሚያለሽ? ማንን መመደብ ትችያለሽ? ብዙ ሴት ኃላፊዎች ሹመቱ ይሰጣቸውና ውሳኔው ሥራ አስኪያጁ ጋ ይቀራል። ያኔ የፈለግሽውን ዓይነት አለቃ ብትሆኚ ሰው አንቺን አልፎ እሱ ጋ ነው የሚሄደው።

መልስ (ጡረተኛዋ መምህርት)

ልጄ፣ እኔ ርእሰ መምህር ነበርኩ። ከሐዋሳዋ ልጅ በአንድ ነገር አልስማማም። ስድቡ በሰው ፊት ከሆነ ይቅርታውም በሰው ፊት ነው መሆን ያለበት። ለብቻዋ ብትነግሪያት እሷ ትጽናናለች፤ ሌሎቹ ግን የሚያስታውሱት ጩኸቱን ብቻ ነው።

እኔ "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ" እየተባለ ያደግኩ ነኝ። በ2011 ጥቅምት ላይ ከካቢኔው ግማሹ ሴቶች ሲሆኑ፣ በዚያው ወር ወይዘሮ ሳህለወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት፣ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ አልቅሻለሁ። ነገር ግን ላይ ቤት የሚሰጥ ሹመት ቅርንጫፍሽ ድረስ በራሱ አይወርድም። እዚያ ያለሽው አንቺ ነሽ።

ጋሼ ያልሻቸውን በተመለከተ፣ አንቱታውን እንዳትተዪ። ሰው ማክበር ራስን ማሳነስ አይደለም። ችግሩ ሥራውንም አብረሽ በአክብሮት ስታድበሰብሺው ነው። "ጋሼ፣ ቢመችዎት ኖሮ..." አይባልም። ቀንና ሰዓት ቆርጠሽ ንገሪያቸው።

መልስ (ከሜሪላንድ)

እኔ እዚህ ሆስፒታል ውስጥ የነርሶች አስተባባሪ ነኝ። የእኔ ችግር ሌላ ነበር። በዓመታዊ ግምገማ ላይ ሁሉንም ነገር "ሠራን፣ አደረግን" ብዬ እጽፍ ነበር። "ሠራሁ" ማለት ጉራ እየመሰለኝ። አለቃዬ "አንቺ የሠራሽው የትኛው ነው?" ስትለኝ ደነገጥኩ። አሁን የቡድኑን ለቡድኑ፣ የእኔን ለእኔ ለይቼ እጽፋለሁ። ጨዋነቴ አልቀረም፤ ሥራዬም አልጠፋም። አንቺም ከአሁኑ መዝግቢ።

ጠያቂዋ፣ ከአሥር ቀን በኋላ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመምህርቷን ምክር ነው የተከተልኩት። ጠዋት በር ሳይከፈት ሁሉም ባሉበት "ያን ቀን በጩኸት መናገሬ ልክ አልነበረም። ጉድለት ሲኖር ግን ወዲያው ይነገረኝ፤ አብረን እንፈልጋለን" አልኳቸው። ድምፄ ይርገበገብ ነበር፤ ግን የራሴ ድምፅ ነው። ካሸሯ አንገቷን ደፍታ ቆየችና ቀና ብላ አየችኝ። ትናንት 500 ብር ሲጎድልባት ካዝና ሳይዘጋ መጥታ ነገረችኝ። ቫውቸር በቫውቸር አይተን አገኘነው።

የሥልጣን ጉዳዩን ለሥራ አስኪያጁ በደብዳቤ ጠይቄያለሁ። መልሱ ገና ነው።

ጋሼን ደግሞ ቡና ጋብዤያቸው "ጋሼ፣ ሥራውን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ሪፖርቱ ዓርብ ጠረጴዛዬ ላይ መድረስ አለበት" አልኳቸው። ስኒያቸውን እያዞሩ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ "ዓርብ ስንት ሰዓት?" አሉኝ።